የኮረብታው ቤት ግራና ቀኝ

እህ ብላችሁ ስሙኝ፤ ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ቤት ነው። ቤቱ ያለው ባሕር ማዶ፣ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። ከዋሽንግተን ተነስቶ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል በመኪና የተጓዘ ሰው ሻርሎትስቪል ከምትባል ከተማ ይደርሳል። ከከተማዋ ወጣ ብሎ አንድ ኮረብታ አለ፤ ከአናቱ ላይ ባለ ጉልላት የቀይ ሸክላ ቤት ተቀምጧል። ሞንቲቼሎ ይባላል። ባለቤቱ የአሜሪካ ሦስተኛው ፕሬዚዳንት ቶማስ ጀፈርሰን ነበር።

«አዲስ አበባ፣ ልደታ ተቀምጠህ ስለ ቨርጂኒያ ኮረብታ ምን አገባህ?» የሚለኝ ይኖራል። ያገባኛል። ከሰፈራችን ስንቱ ቤት ልጁን ወይም እህቱን ወደዚያ አገር ልኳል! እዚያው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ያለች ልጇን ልትጠይቅ የሄደችን እናት፣ ልጇ ለሽርሽር ይዛት ከምትወጣባቸው ቦታዎች አንዱ የጥንት ፕሬዚዳንቶች ቤት ነው። ሌላም ምክንያት አለኝ። የልደታ ሰው ፍርድ ቤት ጎረቤቱ ነው፤ ዳኛ የአንዱን ወገን ቃል ብቻ ይዞ እንደማይፈርድ፣ ግራ ቀኙን እንደሚሰማ ያውቃል። የሞንቲቼሎ ታሪክ ግን ለረጅም ዘመን የተወራው በባለቤቱ ወገን ብቻ ነበር። ስለዚህ ዛሬ ሁለቱንም ወገን አቆማለሁ። የአሜሪካኑን ዘመን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የኛን በኛው እቆጥራለሁ።

መጀመሪያ ባለቤቱ ይቅረብ።

ጀፈርሰን የተወለደው በ1743 ነው። አባቱ ገና በ14 ዓመቱ ሞቶበት መሬትና በባርነት የተያዙ ሰዎችን ወረሰ። በ1768፣ የ25 ዓመት ጎልማሳ ሳለ፣ በልጅነቱ የሚወደውን ኮረብታ አናቱን ማስደልደል ጀመረ። የዘመኑ ባለርስት ቤቱን ወንዝ ዳር፣ ውሃና ጀልባ ካለበት ይሠራ ነበር። እሱ ግን አገሩን ከላይ ሆኖ ማየት ፈለገ። የቤቱን ንድፍ ያወጣው ራሱ ነው፤ ፓላዲዮ የተባለውን የጣሊያን አርክቴክት መጻሕፍት እያነበበ ነደፈው። ኋላ መልእክተኛ ሆኖ ፓሪስ ከረመና የፈረንሳይን ቤቶች አይቶ ሲመለስ፣ የሠራውን አልወደደውም። ከ1796 ጀምሮ እያፈረሰ እያሰፋ እንደገና ሠራው፤ ጉልላቱንም ያኔ ጨመረ። ከመጀመሪያው ድልዳሎ እስከ መጨረሻው ልስን ስትቆጥሩት አርባ ዓመት ገደማ ይሆናል።

ወደ ውስጥ ግቡ። ከመግቢያው አዳራሽ፣ ከበሩ በላይ፣ ትልቅ ሰዓት ተሰቅሏል። ሰዓቱን የሚያንቀሳቅሱት በገመድ የተንጠለጠሉ የመድፍ አረር የሚመስሉ ክብደቶች ናቸው። በየቀኑ ዝቅ እያሉ በግድግዳው ላይ ከተጻፉት የሳምንቱ ቀናት ፊት ይደርሳሉ፤ አረሩን አይቶ ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ዛሬ ዓርብ ነው ማለት ይቻላል። ግድግዳው ለሰባቱም ቀን አልበቃ ስላለ ጀፈርሰን ወለሉን አስቀደደ፤ ስለዚህ ቅዳሜ የሚውለው ምድር ቤት ነው። አልጋው ደግሞ በመኝታና በንባብ ክፍሉ መካከል፣ በግድግዳው ሥርጥ ውስጥ ነው፤ በአንዱ ጎን ቢወርድ መኝታ ቤቱ፣ በሌላው ጎን ቢወርድ የንባብ ክፍሉ ነው። መጻሕፍቱማ ስንት ነበሩ! እንግሊዞች በ1814 ዋሽንግተንን ሲያቃጥሉ የምክር ቤቱ ቤተ መጻሕፍት አብሮ ነደደ፤ ጀፈርሰን በማግስቱ ዓመት ከ6,400 በላይ መጻሕፍቱን ለአገሩ ሸጠ። የዛሬው ታላቁ የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት እንደገና የቆመው በእነዚያ ነው። ከቤቱ በታች ባለው 300 ሜትር በሚረዝም የጓሮ እርከን ላይ ደግሞ ከ300 በላይ የአትክልት ዓይነት እየዘራ፣ የትኛው መቼ እንደበቀለ፣ የትኛው እንደከሰረ በደብተር ይመዘግብ ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው ሥራው ግን የብዕሩ ነው። በ1776 አሜሪካ ከእንግሊዝ መገንጠሏን የሚያውጀውን ጽሑፍ የጻፈው እሱ ነው፤ ሰው ሁሉ እኩል መፈጠሩን፣ ነፃነትም የተፈጥሮ መብቱ መሆኑን በዚያ ጽሑፍ አወጀ። ሞቱ ሲቃረብ በመቃብሩ ድንጋይ ላይ እንዲጻፉለት ያዘዘው ሦስት ነገሮች ብቻ ነበሩ፤ ያንን አዋጅ መጻፉ፣ የቨርጂኒያን የሃይማኖት ነፃነት ሕግ ማውጣቱና የቨርጂኒያን ዩኒቨርሲቲ መመሥረቱ። ስምንት ዓመት ፕሬዚዳንት መሆኑን አላስጻፈውም። በሥልጣኑ ሳይሆን በሐሳቡ ሊታወስ የፈለገ ሰው ነበር።

ይህ የባለቤቱ ወገን ቃል ነው፤ አንዱም ሐሰት የለበትም። አሁን ሌላው ወገን ይቅረብ።

ያንን ኮረብታ በዶማና በአካፋ የደለደሉት፣ ከዳገቱ ሥር ውሃ ያመላለሱት፣ ጭቃ አቡክተው ሸክላ ካቃጠሉት መካከል የበዙት በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ናቸው። ጀፈርሰን በሕይወት ዘመኑ ከ600 በላይ ሰው በባርነት ይዟል። በኮረብታውና በዙሪያው ባሉት እርሻዎች በአንድ ጊዜ 130 ያህል ሰዎች ይኖሩ ነበር። መጀመሪያ ትምባሆ፣ ኋላ ስንዴ አመረቱ። የአማቱ የጆን ዌይልስ ሞት በ1773 አንድ ጊዜ 135 ሰው አወረሰው፤ ከሰዎቹ ጋር ብዙ ዕዳም አብሮ መጣ።

በውርስ እጁ ከገቡት ከእነዚያ ሰዎች መካከል ኤልዛቤት ሄሚንግስ የምትባል እናትና ልጆቿ ነበሩ። የስድስቱ ልጆቿ አባት ራሱ ሟቹ ዌይልስ ነበር። ልብ በሉ፤ ሮበርት፣ ጄምስና ትንሿ ሳሊ ለጀፈርሰን ሚስት ለማርታ የአባት ልጆች፣ ወንድሞቿና እህቷ ነበሩ ማለት ነው። እህትማማቾቹ በአንድ ቤት ኖሩ፤ አንደኛዋ እመቤት፣ ሌላዋ ንብረት ሆና።

ሮበርትን አስታውሱት። ጀፈርሰን በ1776 ፊላደልፊያ ወርዶ ያንን የእኩልነት አዋጅ ሲጽፍ፣ አገልጋይ ሆኖ አብሮት የነበረው ይህ የ14 ዓመት ልጅ ነው። ልብስ የሚያቀርብለት፣ ደጅ የሚጠብቅለት እሱ ነበር።

ጄምስን ደግሞ በ1784 ፓሪስ ወሰደው፤ የፈረንሳይን ወጥ አሠራር እንዲማር። በ1787 የ14 ዓመቷ ሳሊ የጀፈርሰንን ትንሽ ልጅ አጅባ ባሕር ተሻግራ ደረሰች። ማርታ ከሞተች አምስት ዓመት ሆኗት ነበር። በፈረንሳይ አፈር ላይ ወንድምና እህት ፍርድ ቤት ቢቀርቡ ነፃ መውጣት ይችሉ ነበር። የሳሊ ልጅ ማዲሰን ሄሚንግስ በ1873 ለአንድ የኦሃዮ ጋዜጣ የሰጠው ቃል አለ። እናቱ አልመለስም ብላ እንደነበር፣ ጀፈርሰን ከእሱ የምትወልዳቸውን ልጆች 21 ዓመት ሲሞላቸው ነፃ እንደሚያወጣ ቃል ገብቶላት እንደተመለሰች ተናግሯል። አስቡት፤ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ በባዕድ አገር፣ ገና ያልተወለዱ ልጆቿን ነፃነት ከሕይወቷ ጌታ ጋር ስትዋዋል። ስድስት ወለደች፤ አራቱ ለአቅመ አዳም ደረሱ። አራቱም ነፃ ወጡ።

ጄምስም ተመለሰ። ወንድሙን ፒተርን ወጥ ቤት አሠልጥኖ ሲጨርስ በ1796 ነፃነቱን ተቀበለ። አንድ ሰው ነፃ የሚወጣው ሌላውን በቦታው ተክቶ ነው።

አሁን ወደ አዳራሹ እንመለስና ያደነቅነውን ቤት በእነሱ ዓይን እንየው። ከምግብ ክፍሉ ምድጃ ጎን ትንሽ በር አለች፤ ስትከፈት ከምድር ቤት የወይን ጠጅ ጠርሙስ በገመድ እየተሳበ ይወጣል። ከክፍሉ ወዲያ ጫፍ ደግሞ መደርደሪያ የተሠራለት ተሽከርካሪ በር አለ፤ ወጡ ከውጭ ይደረደርበትና በሩ ሲዞር እንግዶቹ ዘንድ ይደርሳል። እንግዳው ይበላል፣ ይጠጣል፤ ስለ ነፃነት ይነጋገራል። ያበሰለውን፣ የተሸከመውን፣ ገመዱን ከታች የሚስበውን ሰው ግን አያየውም። ወጥ ቤቱ፣ ማከማቻው፣ የአገልጋዮቹ መኝታ ሁሉ ከቤቱ ክንፎች ሥር፣ ከእርከኑ በታች ተደብቋል። የንድፉ ብልሃት እዚህ ላይ ነው፤ እጁ እየሠራ ሰውየው እንዳይታይ ማድረግ።

ከአትክልቱ በላይ 400 ሜትር ያህል የሚሄድ መንገድ አለ፤ በግራ በቀኙ የእንጨት ጎጆዎች፣ የአናጢ ቤት፣ የአንጥረኛ ቤት ነበሩበት። በ1794 እዚያ የሚስማር መሥሪያ ተከፈተ። ሠራተኞቹ ከ10 እስከ 16 ዓመት የሆኑ ወንዶች ልጆች ናቸው። ከእሳቱ ዳር ቆመው በቀን ከ8,000 እስከ 10,000 ሚስማር ይቀጠቅጡ ነበር። የተሰጣቸው ብረት ተመዝኖ፣ ያወጡት ሚስማር ተመዝኖ፣ የእያንዳንዱ ልጅ ብክነት በጀፈርሰን እጅ በመዝገብ ሰፍሯል። የአትክልቱን ዘር የመዘገበ ብዕር የልጆቹንም ላብ መዘገበ።

ከእነዚያ ልጆች አንዱ ጆ ፎሴት ይባላል፤ አድጎ የቤቱ ዋና አንጥረኛ ሆነ። ኢዲት የምትባል ሴት አገባ። ጀፈርሰን ፕሬዚዳንት ሲሆን ኢዲትን ዋሽንግተን ወሰዳትና ከፈረንሳዊው ወጥ ቤት ሹም ሥር አስገባት፤ ጆ ኮረብታው ላይ ቀረ። በ1806 ጆ ሳያስፈቅድ ሌሊት ወጥቶ ዋሽንግተን ድረስ ሄደ። ሌላ የትም አልሸሸም፤ ሚስቱን ሊያይ ነው የሄደው። ተይዞ ተመለሰ። ኢዲት የተመለሰችው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ የጌታዋ ዘመን ሲያበቃ ነው። ከዚያ ወዲያ እሱ በብረቱ፣ እሷ በወጥ ቤቱ ያንን ቤት አቆሙት።

ጀፈርሰን የሞተው ጁላይ 4 ቀን 1826 ነው፤ አዋጁ በታወጀ ልክ በ50ኛ ዓመቱ፣ ከሌላው መሥራች ከጆን አዳምስ ጋር በአንድ ቀን። አገሩ ሁሉ ተአምር ነው አለ። ኮረብታው ላይ ግን ሌላ ነገር ይጠበቅ ነበር። ሟቹ ከ100,000 ዶላር በላይ ዕዳ ትቶ ነበር የሞተው። በኑዛዜው አምስት ወንዶችን ነፃ አወጣ፤ ጆ ፎሴት፣ እንዲሁም የሳሊ ልጆች ማዲሰንና ኤስተን ከአምስቱ ውስጥ ናቸው። የኢዲት ስም ግን የለም፤ የልጆቿም የለም።

በጥር 1827፣ በዚያው ቤት ደጅ ላይ ጨረታ ወጣ። ከወንበሩ፣ ከከብቱና ከእህሉ ጋር 130 ሰው እንደሚሸጥ ማስታወቂያ ተለጠፈ። በኑዛዜው መሠረት ነፃ ሊወጣ ወራት የቀሩት ጆ ፎሴት ሚስቱና ልጆቹ ሲሸጡ ቆሞ አየ። የ11 ዓመቱ ልጁ ፒተር ከአባቱ ተነጥሎ ለሌላ ሰው ተሸጠ። ጆ ብረት እየቀጠቀጠ፣ ዘመድ እየረዳው፣ በዓመታት ውስጥ ሚስቱንና የተወሰኑ ልጆቹን ዋጀ፤ ፒተርን ግን ገዢው አልሸጥም አለ። ልጁ ለማምለጥ ሞከረ፣ ተያዘ፣ እንደገና ተሸጠ። ነፃ የወጣው በ1850 በዘመዶቹ ርዳታ ነው። ኦሃዮ፣ ሲንሲናቲ ሄዶ ከቤተሰቡ ተቀላቀለ፤ ሰባኪ ሆነ። በ1900፣ በ85 ዓመቱ፣ ሞንቲቼሎን ተመልሶ አየ። በልጅነቱ ወደ ተሸጠበት ደጅ በእንግድነት፣ በክብር ገባ።

ቤቱም ተሸጦ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ከ1834 ጀምሮ ሌቪ የተባሉ የአይሁድ ቤተሰብ ያዙት፤ ባይጠግኑት ኖሮ ዛሬ ፍርስራሽ በሆነ ነበር። በ1923 አንድ የመታሰቢያ ድርጅት ገዝቶ ለጎብኚ ከፈተው። ከ1938 ጀምሮ የቤቱ ምስል በአምስት ሳንቲሙ ላይ ታተመ፤ ቨርጂኒያ ያለ ዘመዳችሁ ኪሱን ቢፈትሽ ያገኘዋል። ዩኔስኮም በ1987 በዓለም ቅርስነት መዘገበው። በዚህ ሁሉ ዘመን አስጎብኚው የሚያወራው ስለ ሰዓቱ፣ ስለ ጉልላቱ፣ ስለ መጻሕፍቱ ነበር። ያገለገሉት ሰዎች ኖረውበት ከነበረው የደቡቡ ክንፍ አንዱ ክፍል በ1941 ለጎብኚዎች መጸዳጃ ቤት ተደረገ። የማዲሰንንም ቃል ታሪክ ጸሐፊዎች ለመቶ ዓመት ያህል አላምን አሉ፤ ከባርነት የወጣ ሰው ስለ እናቱ የመሰከረው ቃል እንደ ምስክርነት አልተቆጠረም።

ነገሩን የቀየሩት በባርነት የተያዙት ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። እያንዳንዱ ቤተሰብ ታሪኩን ከአያት ወደ ልጅ እያስተላለፈ ጠብቆት ነበር። ከ1993 ጀምሮ ድርጅቱ ራሱ እነዚያን ቤተሰቦች በየአገሩ እየፈለገ ቃላቸውን መቅዳት ጀመረ። በ1998 ደግሞ ከጀፈርሰን አጎት የወንድ ዘርና ከኤስተን ሄሚንግስ የወንድ ዘር የተወሰደው የዘረመል ናሙና ሲመረመር ተመሳሰለ። ድርጅቱ ከሌላው የታሪክ ማስረጃ ጋር አገናዝቦ በ2000 ድምዳሜውን ይፋ አደረገ፤ የሳሊን ልጆች ጀፈርሰን እንደወለዳቸው ማመን ይገባል አለ። በ2018 ሳሊ ኖራበታለች የሚባለው ክፍል ታድሶ ለሕዝብ ተከፈተ። ሥዕሏ የለም። በክፍሉ ግድግዳ ላይ የሚነበበው ልጇ ስለ እሷ የሰጠው ቃል ነው።

ዛሬ ወደ ኮረብታው የወጣ ሰው ሁለቱንም ይሰማል። የአዋጁ ታላቅነት አልቀነሰም። እንዲያውም ከፍ አለ፤ ምክንያቱም እኩልነትን ከጻፈው ሰው ይልቅ በእኩልነት ያመኑት ጆና ኢዲት፣ ማዲሰንና ፒተር ሆነው ተገኙ። ከ1963 ጀምሮ በየዓመቱ ጁላይ 4 ቀን፣ ሰዎች ከተሸጡበት ከዚያው ደጅ ላይ፣ ከየአገሩ የመጡ ስደተኞች እጃቸውን አንስተው የአሜሪካ ዜግነት ቃለ መሐላ ይፈጽማሉ።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ የሰው አገር ታሪክ የሚነገረው የራስን ለመጠየቅ ነው። እኛስ?

በሰፈራችን ባልቻ ሆስፒታል አለ። ስሙን የሰጡት ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ከጉራጌ ምድር፣ ገና በልጅነታቸው በምኒልክ ዘመቻ የተማረኩ ናቸው። ከምርኮ ልጅነት ተነስተው የዐድዋ መድፈኛ ሆኑ። ሲዳሞን ሁለት ጊዜ ገዙ፤ መቀመጫቸው ሀገረ ሰላም ነበር። በስተርጅናም ከጣሊያን ጋር ተዋግተው በ1929 ዓ.ም. ወደቁ። ይህ ጀግንነት እውነት ነው፤ ማንም አይወስድባቸውም። በዚያው ዘመን ለሹማምንቱና ለወታደሩ የተመደበው የደቡብ ገባርም እውነት ነው። እህል ገብሯል፣ ማር ገብሯል፤ የጌታውን ማሳ አርሷል፣ ቤቱን ሠርቷል፣ አጥሩን አጥሯል፣ ጭነቱን ተሸክሟል። ባርነትም የኛው ነበር። መንግሥታችን በ1916 ዓ.ም. የባሪያ አዋጅ አወጣ፤ በሕግ ጨርሶ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ጭሰኛው ከባለርስቱ የተላቀቀው ደግሞ በየካቲት 1967 ዓ.ም. በወጣው የመሬት አዋጅ ነው። ከዚህ ሁሉ የወጡ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬ በመካከላችን አሉ፤ እኛም ነን።

የመኳንንቱ ቤቶች በአዲስ አበባ ገና አሉ። ሲዳሞን ከደጃዝማች ባልቻ በኋላ የገዙት የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት መስቀል አደባባይ አጠገብ ቆሞ የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኗል። ወደዚህ ዓይነት ቤት ስትገቡ በረንዳውን አድንቁ፤ የእንጨቱን ሥራ አድንቁ። ቀጥላችሁ ግን ጠይቁ። ጠጁን ማን ጣለው? እንጀራውን ማን ጋገረው? እህሉን ማን ፈጨው? እንጨቱን ማን ፈለጠው፣ ውሃውን ማን ቀዳው? በቅሎዋን ማን ለጎማት? የጋጋሪዋ ስም ማን ነበር? ከየት መጣች? ልጆቿ የት ገቡ?

ልደታ ደግሞ በዚህ ነገር አትዘግይ የምትባል ሰፈር ናት። ከ2000 ዓ.ም. በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት የድሮው መንደር ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ተሠራበት፤ ጎረቤቱ ተበታተነ። ቤቱ ከፈረሰ ወዲያ ማን በማን ግቢ እንደኖረ፣ ማን ለማን እንዳገለገለ የሚያውቁት አዛውንቶቹ ብቻ ናቸው። ፎቁ ላይ፣ ሦስተኛ ደርብ፣ በር ዘግተው የተቀመጡ እማማና አባባ ሞልተዋል። የማዲሰን ሄሚንግስ ቃል ለኛ የደረሰው አንድ ሰው ወረቀትና ብዕር ይዞ ከፊቱ ስለተቀመጠ ነው። የሞንቲቼሎ ሰዎችም መዝገብ የጣላቸውን ያገኙት የቤተሰብ ወሬ ብለው ሳይንቁ በመስማታቸው ነው።

ስለዚህ የምለው ይህን ነው። በዚህ እሑድ እናታችሁን ጠይቁ፤ እናቷ ማን ቤት ምን ትሠራ እንደነበር ትንገራችሁ። ብታፍር አታስገድዷት፤ ቆይታችሁ እንደገና ጠይቁ፤ የማገልገል ኀፍረቱ የእሷ እንዳልሆነ ንገሯት። ስልካችሁን ከፍታችሁ ድምፅዋን ቅዱ። ስሙን፣ መንደሩን፣ ዓመተ ምሕረቱን ጻፉ፤ ለልጆቻችሁ አስረክቡ። የጌቶቹን ስም የሚጽፍ መቼም አይጠፋም። የእናቶቻችንን ስም ካልጻፍን ግን ከኛ በኋላ የሚጽፍልን የለም።